አሮጌ ኮሮላ ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ቄራ አካባቢ ያለ የአንድ ጋራዥ አገልግሎት

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተመረተውና ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚታየው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አሠራሩ ቀላል ነው፤ 1290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኘው በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ክፍል) ሲሆን፣ ነዳጁን ከታንኩ የሚስበው ፓምፕም በሞተሩ ውስጥ በሚዞረው ዘንግ (በካምሻፍቱ) የሚገፋ እንጂ የኤሌክትሪክ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል ግን ብዙ መካኒኮች ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ዕቃ ማስቀየር ይቀናቸዋል። የእኔ መኪና ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) እንደ ልቡ እያዞረ ቶሎ አልነሳ ባለ ጊዜ፣ አስቀድሜ ያማከርኩት ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ እንዳየ ካርቡሬተሩ እንዲቀየር ወስኖ ነበር። ቄራ አካባቢ የሚገኘውና አሮጌ መኪኖችን ብቻ የሚቀበለው አነስተኛ ጋራዥ የተለየብኝ በዚህ ነው።

ችግሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ እንደሚታይ ስነግራቸው መኪናውን አሳድረው ጠዋት ሳይሞቅ ፈተሹት። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ነው፤ እሳት ይሰጣል፣ ቤንዚን ግን አይሸትም። በካርቡሬተሩ ጎን ያለችው የነዳጁን ከፍታ የምታሳይ ትንሽ መስታወትም ባዶ ነበረች። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከመንካት በፊት ቤንዚኑ የት እንደቀረ ማወቅ ነበረባቸው። የእሳቱን መስመር አላቀው፣ ከፓምፑ የሚወጣውን ጎማ ጠርሙስ ውስጥ አስገብተው ሞተሩን ሲያዞሩት፣ ቤንዚኑ አረፋ እየደፈቀ በጥቂቱ መጣ። ቀጥለውም የፓምፑን መሳቢያ ከታንኩ መስመር ነቅለው ንጹሕ ቤንዚን ካለበት ዕቃ ጋር ሲያገናኙት ያለ አረፋ በኃይል ገፋ። ፓምፑ ደህና መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ኋላ ነው ማለት ነው።

የተገኘውም ከብረት ቱቦው ወደ ፓምፑ የሚመጣው አጭር ጎማ በእርጅና ተሰነጣጥቆ ነው። ይህ መስመር ነዳጅ የሚሳብበት ስለሆነ፣ ስንጥቁ ቤንዚን ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌሊት ነዳጁ ወደ ታንኩ ሲመለስም ከሥሩ አንዲት ጠብታ ስለማትታይ በዓይን አይደረስበትም። ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) ሲገለበጥ ደግሞ ቡናማ የዝገት ደለል ወጣ። ጎማው፣ ማሰሪያዎቹና ፊልትሮው ተቀየሩ፤ ዕቃውን የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ እኔው ገዝቼ እንዳመጣ ስለፈቀዱልኝ በዋጋ ረገድ የምጠረጥረው ነገር አልነበረም፤ ወጪውም ከአንድ ካርቡሬተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን የኢንጀክሽን መኪና (በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚን በግፊት የሚረጭለት) የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢገጠምስ ብዬ ስጠይቅ እምቢ በማለታቸው ነው። የካርቡሬተር ፓምፕ ግፊት 0.3 ባር ገደማ ሲሆን የኢንጀክሽኑ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ባር ያልፋል፤ የካርቡሬተሩ መርፌ (የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው) ይህን መያዝ ስለማይችል ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለው ሞተር ላይ ሊፈስ ይችላል። በሌላ ቦታ ይህን "መፍትሔ" በደስታ የሚገጥም አይጠፋም።

ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። ክፍት የቤንዚን ዕቃ ከባትሪው ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ በአካባቢውም የእሳት ማጥፊያ አልታየኝም። ለቤንዚን ሥራ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም። ታንኩንም ከሥር አንጠፈጠፉት እንጂ አውርደው አላጠቡትም፤ ስለዚህ ዝገቱ ተመልሶ ፊልትሮ መድፈኑ አይቀርም። ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ የገጠሙልኝም ይህን አውቀው ይመስለኛል። ደረሰኝ ለማግኘት ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መኪናው አሁን ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ካርቡሬተር ላለው መኪና ያለ ማመንታት የምመክረው ጋራዥ ነው፤ የኮምፒውተር መመርመሪያ ስለሌላቸው ግን ኢንጀክሽን መኪና ያለው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል።