ፐርሴፖሊስ፦ ለጉልበት የሚራራ ቤተ መንግሥት

ታሪካዊ ቦታ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ደረጃ አለው?» ብዬ ነው። ላሊበላ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል። ከምሠራበት ዱባይ የኢራኗ ከተማ ሺራዝ ቅርብ ነው ብዬ ተነሳሁና፣ ከሺራዝ ወጣ ብሎ ያለው የጥንት ፋርሶች ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፐርሴፖሊስ መግቢያው ላይ 111 ደረጃ አለ ሲሉኝ ሐሞቴ ፈሰሰ።

በከንቱ ነው የተጨነቅኩት። የአንዱ ደረጃ ከፍታ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መኳንንቱ ረዥም ቀሚሳቸውን ሳይረግጡ በግርማ እንዲወጡ ታስቦ ነው ይላሉ። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ (ፀጉር መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ከቤት ይዤ ነው የሄድኩት) እንደ እመቤት ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ኢራኖች ቦታውን «ተኽተ ጀምሺድ» ይሉታል፤ በተረት የሚታወቀው ንጉሥ የጀምሺድ ዙፋን ማለት ነው። የፋርሱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ገደማ አስጀመረው፤ በ330 ደግሞ እስክንድር አቃጠለው። ንጉሡ እንግዳ ይቀበልበት ከነበረው የግብር አዳራሽ 72 ዓምዶች ዛሬ ቆመው የሚታዩት 13 ናቸው። ዓምዶቹ ጫፍ ላይ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ኮርማዎች ነበሩ። የጣሪያው ወራጅ የሚያርፈው በሁለቱ አንገት መሃል ነው። አንዱ መሬት ላይ ወድቆ ስላለ ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተጋጠሙ ናቸው፤ የሚያያይዛቸው ብረት ነበር።

አስጎብኚዬ ግን በሩ ላይ ፎቶ ሲያስነሳን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የግብር አዳራሹ ምሥራቁ ደረጃ ጋ ስንደርስ «ቶሎ ቶሎ» አለን። እንቢ ብዬ ቀረሁ! ደረጃው ላይ ለተቀረጸችው ለዚያች ግድግዳ ነው የመጣሁት።

ግድግዳው ላይ 23 የሕዝብ ቡድኖች ስጦታ ይዘው ይሰለፋሉ። የየቡድኑን መሪ አንድ አሽከር እጁን ይዞ ያስገባዋል፤ እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ፀጉራቸው ጥቅልል ያለ። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል። ሌላው የዝሆን ጥርስ ተሸክሞ እንስሳ ይጎትታል። ቀጭኔ ነው የሚሉ አሉ፣ የቀጭኔ ዘመድ የሆነው ኦካፒ ነው የሚሉም አሉ። አስጎብኚው «ያንቺ አገር ሰዎች» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፋርሶቹ ኩሽ ያሉት የእነዚህ ሰዎች አገር ከግብፅ በታች ያለው፣ ወደ ዛሬዋ ሱዳን የሚጠጋው ነው። ቢሆንም ከዚያች ጥግ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሰውየው የዝሆን ጥርሱን ትከሻው ላይ ያስቀመጠበት መንገድ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ነው የሚመስለው።

ከታች የዛገ የድንኳን ብረት ይታያል። በጥቅምት 1964 ዓ.ም. የኢራን ንጉሥ የነበሩት ሻሁ የፋርስን ዘውድ የ2,500 ዓመት በዓል ሲያከብሩ ጃንሆይን ጨምሮ ነገሥታቱ የተስተናገዱበት ነው። ይህን ለአስጎብኚው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አያውቅም ነበር።

የምትሄዱ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ የውጭ የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። ጥላ የሚባል ነገር ብዙም የለም። ውሃ ከሺራዝ ግዙ፤ እዚያ ያገኘሁት ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረውም። በጠዋት ግቡ፣ ፀሐይዋ ምሥራቁን ደረጃ ፊት ለፊት ስታገኘው። አስጎብኚ ከያዛችሁ ደግሞ ፎቶውን በመጨረሻ እንዲያደርገው ከመግባታችሁ በፊት ተዋዋሉ።