ወደ ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ለምትገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ የቅድመ ታሪክ ቅርስ ስፍራ የሆነውን መልካ ቁንጡሬን፣ የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንንና የጢያ ትክል ድንጋዮችን በአንድ ቀን አሳይቶ የሚመልስ ጉዞ በተለይ በበዓላት ሰሞን በቴሌግራምና በፌስቡክ በብዛት ይሸጣል። ሦስቱም ቦታዎች ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ የማስጠነቅቀው ጉዞው ስለሚሸጥበት መንገድ ነው። በዓድዋ በዓል ዕለት ከቤተሰቤ ጋር የሄድኩበትን ጉዞ ያዘጋጀውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ሆኖም ቃል በቃል ተመሳሳይ የሆነ ማስታወቂያ በሌሎች ስምም ሲወጣ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማስታወቂያው ዋጋው መጓጓዣን፣ መግቢያን፣ አስጎብኚንና ምሳን እንደሚያካትት በግልጽ ይናገራል። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ በቴሌብር እንድንልክ የተጠየቅነው ግን በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነበር፤ ደረሰኝ ስንጠይቅ በጉዞው ዕለት እንደሚሰጠን ተነገረን፤ እስከ ዛሬ አልተሰጠንም። መልካ ቁንጡሬ በር ላይ ስንደርስ አስተባባሪው የመግቢያውን ክፍያ እያንዳንዳችን እንድንከፍል ጠየቀ፤ ማስታወቂያውን አውጥተን ስናሳየው በዚያ ላይ የተጻፈው የመኪና ማቆሚያውን የሚመለከት ነው አለ። ከአሜሪካ የመጡት አክስቴ ደግሞ የውጭ ፓስፖርት ስለያዙ በውጭ ዜጋ ተመን እንዲከፍሉ ተደረገ። ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች የተለያየ ተመን መኖሩ የታወቀ ነው፤ ቅሬታዬ ይህንን አስቀድሞ ማሳወቅ የሻጩ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ አክስቴ ከውጭ የመጡ መሆናቸውን በምዝገባው ወቅት ነግረነው እንኳ ዝም በማለቱ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ የባከነው ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል የተባለው ሚኒባስ ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ ስንጠብቅ 3 ሰዓት አለፈ፤ ከዚያም በፕሮግራሙ ላይ ባልነበረ አንድ ሎጅ ቆመን፣ ቁርስ በየራሳችን ሂሳብ እያዘዝን ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን መልካ ቁንጡሬን በጥድፊያ አለፍነው። አዳዲ ማርያም ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር፤ ቅዳሴም ገብቷል።

ይህ ድንገተኛ ነገር አልነበረም። በዐቢይ ጾም ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ወዲህ ሲሆን የሚወጣውም ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ ጉዞ የሚሸጥ ሰው ይህንን ሳያውቅ ገንዘብ ሊቀበል አይገባም። በጠዋት ብንደርስ ኖሮ በቂ ጊዜ በኖረን ነበር። ትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ጋር የሚያያይዘውን ይህን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ያየነው ከአፋፉ ላይ ቆመን ጣሪያውን ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ ለመሳለም የመጡት አክስቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አስቀድሰው ጠበል ጠጥተው ለመውጣት ሾፌሩን ለመኑት፤ እሱ ግን ጢያ ሳይዘጋ መድረስ አለብን ብሎ ሞተሩን አስነሳ። መግባት ላልቻልንበት ቦታ ከከፈልነው ላይ የተመለሰልን ምንም የለም።

ጢያ የቆየነው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉ ሲሆን፣ ከእነዚህ 32ቱ የሰይፍ ቅርጽና እስካሁን ትርጉማቸው በእርግጠኝነት ያልታወቀ ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። አስጎብኚ ተብሎ የቀረበልን ሰው ጠዋት ገንዘብ ይሰበስብ የነበረው አስተባባሪ ራሱ ነበር፤ ድንጋዮቹን ያቆማቸው ግራኝ አሕመድ እንደሆነና ሰይፎቹም የወታደሮቹ እንደሆኑ ነገረን። በአካባቢው ድንጋዮቹ ከግራኝ ስም ጋር ተያይዘው መጠራታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በስፍራው በተደረገ ቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ያሉ ናቸው፤ ግራኝ የተነሳው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስፍራውን የሚጠብቁት ሰው ቀርበው ሊያስረዱን ሲጀምሩ ጊዜ የለንም ብሎ አቋረጣቸው። አብረውን የነበሩ ሕፃናት ይህንን የተሳሳተ ታሪክ ይዘው ወደ ቤታቸው መግባታቸው ከማንኛውም ተጨማሪ ክፍያ በላይ ይከነክነኛል።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በዋጋው ውስጥ የተካተተው እያንዳንዱ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የመግቢያው ክፍያ በየትኛው ቦታ፣ ለማንና በየትኛው ተመን እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ስፍራ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ሚኒባሱ ባይሞላ ጉዞው ይነሳ እንደሆነ፣ አንድ ቦታ ቢቀር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍላችሁ። ይህንን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። የንግድ ፈቃዱንና የአስጎብኚነት የብቃት ማረጋገጫውን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ክፍያውም በፈቃዱ ላይ በሰፈረው ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ይሁን። በጾም ወራት ወደ ገዳማትና አድባራት የምትሄዱ ከሆነ የቅዳሴውን ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ወይም አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው አስቀድማችሁ አጣሩ። አረጋውያን አብረዋችሁ ካሉ ደግሞ ወደ አዳዲ የሚያስገባው መንገድ ከአስፋልቱ ወጥቶ በኮረኮንች የሚያስኬድ መሆኑን አስቡበት።

የደረሰባችሁ ካላችሁም ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። እኛ አቤቱታችንን ድርጅቱ ለሚገኝበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገብተናል። ማስረጃ አድርገን ያቀረብነው የቴሌብሩን የክፍያ መልእክትና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ነው፤ አዘጋጁ ቅሬታችንን በሰማ ማግስት ማስታወቂያውን ከቻናሉ ላይ ስላጠፋው፣ እናንተም ቀብድ በምትልኩበት ሰዓት ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ።