የቀድሞ ዳኛ ወይስ የባንክ የሕግ ባለሙያ? የንግድ ክርክር ጠበቃ ሲመረጥ
በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በዳኝነት ወንበር ላይ ሆኖ የሠራበት ጠበቃ፣ ጭብጥ እንዴት እንደሚያዝና የትኛው ማስረጃ ሚዛን እንደሚደፋ ጠንቅቆ ያውቃል። በባንክ የሕግ ክፍል ያደገው ጠበቃ ግን ከክሱ በፊት ያለውን ታሪክ፣ ማለትም የብድር ውሉን፣ የመያዣ ምዝገባውንና የሒሳብ መግለጫውን ማንበብ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውል ሥልጣን የተሰጣቸው ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ መሸጥ ስለሚችሉ፣ ለተበዳሪ ነጋዴ ይህ ዕውቀት እጅግ ውድ ነው፤ በእርግጥ ጠበቃው ቀድሞ ከሠራበት ባንክ ጋር የጥቅም ግጭት እንደሌለው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ጉዳዩ ብድርና ሐራጅ ከሆነ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አስገዳጅ የሕግ ትርጉም ወደሚሰጥበት ሰበር ሰሚ ችሎት ከደረሰ ግን የቀድሞውን ዳኛ አስቀድማለሁ።