ግራጫው ሰማያዊ የሆነበት ፖስተር

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለች ማተሚያ ቤት የባቡር ፖስተር አሳተምኩ። የአሜሪካው የባቡር ኩባንያ የሳውዘርን ፓሲፊክ የዲዝል ባቡሮች ቀለም አቀያየር ነው፤ የጭነቶቹ ጥቁር ከብርማና ከብርቱካንማ ጋር፣ ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግራጫ ሆነው አፍንጫቸው ደማቅ ቀይ። በኋላ ከሌላው የባቡር ኩባንያ ከሳንታ ፌ ጋር ልንዋሃድ ነው ብለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መቀባት ጀመሩ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ተቆጣጣሪው ውህደቱን ከለከላቸው። ሽማግሌ ሳይላክ ቬሎ ማሰፋት ማለት ይሄ ነው!

ወረቀቱ ወፍራም፣ ላሚኔሽኑም አየር አልያዘም። ግራጫው ግን የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ መስሎ ወጣ። «ኮምፒውተሩ ላይ ልክ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ ልጁ። ስልኬ ላይ ያለውን ትክክለኛ ቀለም ከወረቀቱ ጎን ሳስጠጋለት ሳቀና በነፃ ደግሞ አተመልኝ። ቀዩ አሁንም ወደ ብርቱካን ያደላል። ለምርቃት ባነር ሂዱ፤ እንደኔ ቀለም የምታጠብቁ ግን መጀመሪያ በኤ4 ናሙና አስወጡ።