ሐዋሳ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ፦ የወደድኩትና ያናደደኝ

ለገና መጥቼ ሦስት ሳምንት ሐዋሳ ቆየሁ። ያደግኩባት ከተማ ናት። አሁን የምኖረው ኒው ዮርክ ነው፤ ብሩክሊን ውስጥ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ስለዚህ የትም ስገባ አስተናጋጁን፣ ጠረጴዛውን፣ ደጁን ሳላይ አላልፍም።

ከጥሩው ልጀምር። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አሁንም አሞራ ገደል ነው። አሳው እዚያው ዓይናችን እያየ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ ከነዳጣው ይመጣል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊ ሲጠብቁ ከሰው እኩል ይቆማሉ። መስተንግዶው ፈጣን ነው፣ ልጆቹ ትሁት ናቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹንም ማመስገን አለብኝ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ አንዱ ሾፌር ሳንጠይቀው ወርዶ ደግፎ አስገባት።

ያናደደኝ አስፋልት ዳር ያለ አንድ ካፌ ነው። ስሙን አልጠራም። ማኪያቶው ግሩም ነው፣ ወደ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ላይ መቀመጡም ደስ ይላል። ግን ወንበርና ጠረጴዛው ከግድግዳው ተነስቶ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ሞልቶታል፣ በላዩ ላይ ጃንጥላው፣ አበባው፣ የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ሰሌዳ። አንድ ቀን እናቴን ይዤ በዚያ ሳልፍ መሄጃ አጣን። አስተናጋጁ «ማዘር፣ በዚያ በኩል ይዙሩ» አላት። በዚያ በኩል ያለው አስፋልቱ ነው። ወረደች። ወዲያው አንድ ባጃጅ ከኋላዋ ጡሩምባ ሲነፋባት ደንግጣ ክንዴን ጨመቀችው፣ እኔም ያን ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ዛፍ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። አምስት በርጩማ ነው ያላት፤ ሁሉንም አጥሩን አስጠግታ በአንድ መስመር ደርድራቸዋለች። ጋሪ የሚገፋ ሰው እንኳን ሳይነካን አለፈ። እናቴን ስታይ ተነስታ የራሷን መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጠቻት፣ «እማማ፣ እዚህ ይመችዎታል» ብላ። ቡናው ከጤና አዳም ጋር መጣ። ስናወራ «ተነሺ የምባለው ሁልጊዜ እኔ ነኝ» አለችኝ። መንገድ የዘጋው ካፌ ግን እንደዘጋ ነው።

ይህን የማነሳው ደጅ ላይ መቀመጥ ይከልከል ለማለት አይደለም። በፍጹም! እኛ ኒው ዮርክ ላይ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተጣልተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ቤት ሲያዘጋ ከተማው ምግብ ቤቶች መኪና ማቆሚያው ላይ ሳይቀር ጠረጴዛ እንዲያወጡ ፈቀደ፤ የእኛም ቤት በእንጨት ዳስ ሠርቶ ነው ከመዘጋት የዳነው። ቆይቶ ግን አንዳንዱ ዳስ የአይጥ መራቢያ ሆነ፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ትቶት ቆመ፣ ጎረቤት ስለ ጩኸቱ አማረረ። በ2023 አዲስ ሕግ ወጣ። የእግረኛ መንገዱ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይቻላል፤ አስፋልቱ ላይ ከአፕሪል 1 እስከ ኖቬምበር 29 ብቻ፤ ከዚያ የበረዶው ወራት ሲመጣ አፍርሰህ ታነሳለህ። ይህ ማፍረስና ማከማቸት ለትንንሽ ቤቶች ከበዳቸውና ብዙዎቹ ተዉት፣ እኔም ይሄኛው ሕግ ልክ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ነገሩ ግን ትክክል ነው፦ ለእግረኛ የሚቀረው ስፋት በቁጥር ተጽፏል። ቢያንስ 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ገደማ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያም በላይ። አለቃችን በሜትር ለክቶ ነው ወንበር የሚያወጣው።

ሳንፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚያ በፊት ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሥነ ጥበብ ቡድን የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ከፍሎ፣ ቦታው ላይ ሣር አንጥፎ፣ አንድ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። ከዚያ ነው ፓርክሌት የሚሉት፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ የሚሠራው መቀመጫ የመጣው። ዛሬ እዚያ ምግብ ቤት የራሱን ፓርክሌት ሲሠራ ምንም ያልገዛ ሰው የሚያርፍበት መቀመጫም ማኖር አለበት። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። እናቴ ማኪያቶ ሳታዝ ጉልበቷን የምታሳርፍበት ቦታ ማለት ነው።

ሐዋሳ በረዶ የላትም፣ የሚፈርስ ዳስም አያስፈልጋትም። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ካፌዎቹ ተከትለው ወንበር ማውጣታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ መስመሩ አሁኑኑ በቀለም ይሰመር። እስከዚህ የካፌ፣ ከዚህ ወዲያ የእግረኛ። ለጀበና ቡናዋ ልጅም አቅሟን ያገናዘበ ፈቃድ ይሰጣት፣ አምስት በርጩማ ለያዘችና ሃምሳ ወንበር ለዘረጋ እኩል ክፍያ መጠየቅ ግፍ ነው።

ከመሄዴ በፊት ካፌው ተመልሼ ሥራ አስኪያጁን አናገርኩት። በጨዋነት ሰማኝ። «ማንም እስከየት አላለንም» አለ። ሁለቱን የዳር ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳው አስጠጉልኝ ብዬው ወጣሁ። ለፋሲካ እህቴ እናቴን ይዛ በዚያ ታልፋለች፣ ትነግረኛለች።