የአንድ ጉዞ የሙቀት መዝጋቢ፦ ጭነት ተበላሽቶ ክርክር ሲነሳ ምን ያህል ይረዳል?

በሪፈር (ማቀዝቀዣ ባለው) ኮንቴይነር በሚጫን አቮካዶ ወይም ሥጋ መሀል የሚገቡት ባለ ዩኤስቢ ዳታ ሎገሮች (የሙቀት መዝጋቢዎች) አሠራራቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ነው፤ መድረሻ ላይ አቁመው ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ግራፉን በፒዲኤፍ ራሱ ያወጣል። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዲግሪ አያልፍም። 16,000 ንባብ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ 111 ቀን ይሄዳል፤ ከሞጆ በጅቡቲ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ጭነት ይተርፋል። ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ነው።

አንድ ሎገር በር አካባቢ ሰክቶ መላክ የተለመደ ነው፤ ግን የሚያሳየው የበሩን ሙቀት ብቻ ነው። ሪፈር ቀዝቃዛ አየር በወለሉ ቦዮች ልኮ ከላይ ይመልሳል፤ የኮንቴይነሩ የራሱ መዝገብም የሚለካው የሚወጣውንና የሚመለሰውን አየር እንጂ ፍሬውን አይደለም። አጓጓዡ «አየሬ 6 ዲግሪ ነበር፣ ፍሬው ትኩስ ተጭኖ ነው» ሲል መልስ የሚሆነው ካርቶን ውስጥ የገባ ሎገር ነው፤ ቢያንስ ሦስት፦ ከማቀዝቀዣው ሞተር አጠገብ፣ መሀል ላይ፣ የመጨረሻው ፓሌት ላይ። ሪፈር የተሠራው የቀዘቀዘውን ለመጠበቅ ስለሆነ፣ ግራፉ ከ14 ዲግሪ ተነስቶ እየወረደ ከሄደ ማስረጃው በላኪው ላይ ይዞራል። ስለዚህ ሲጫን የፍሬውን ውስጥ በመውጊያ ቴርሞሜትር ለክቶ የአጓጓዡን ወኪል ማስፈረም የግድ ነው። መንገድ ላይ ጄኔሬተር ቢጠፋ ደግሞ የኮንቴይነሩ መዝገብ የተቋረጠበት ሰዓትና የሎገሩ ንባብ ወደ ላይ የወጣበት ሰዓት መግጠም አለባቸው።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ያጣላል። ብዙዎቹ ሎገሮች በግሪንዊች ሰዓት ተሞልተው ይመጣሉ። ፒዲኤፉ ማርች 4፣ 23:00 ይላል፤ የሾፌሩ ሪፖርት የካቲት 26 ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሁለቱ አንድ ቅጽበት ናቸው፤ የተከሳሽ ጠበቃ ግን ተቃርኖ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሎገሩን ከሻጩ ሲያዙ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት እንዲሞላ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ከክሱ ጋር ያያይዙ። የእንግሊዝኛው ፒዲኤፍም ለፌዴራል ፍርድ ቤት በአማርኛ ተተርጉሞ ነው የሚቀርበው።

ተረካቢው ፋይሉን አውርዶ መሣሪያውን መጣሉ ሌላው ጣጣ ነው። ፒዲኤፍ ብቻውን «ተነካክቷል» ለሚል ክርክር የተጋለጠ ነው፤ መሣሪያው ታሽጎ ይቀመጥ። የመለያ ቁጥሩ ከኮንቴይነሩ ቁጥር ጋር ፓኪንግ ሊስቱ (የጭነቱ ዝርዝር) ላይ ካልተጻፈ ሎገሩ የዚያ ጭነት መሆኑን የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

«ይግባኝ ላይ እናሟላዋለን» የሚሉ አሉ፤ አይሟላም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ በቁጥር 345 መሠረት አዲስ ማስረጃ የሚገባው የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ውድቅ ያደረገው ከሆነ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ በበቂ ምክንያት ከፈለገው ነው። ስለዚህ ሎገሩም የካሊብሬሽን (የልኬቱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው) ሰርተፊኬቱም ከመጀመሪያው ክስ ጋር ይቅረቡ፤ ውድቅ ከተደረጉ ተቃውሞው መዝገብ ላይ ይስፈር። ያን ጊዜ የይግባኙ ቅሬታ «የቀረበ ማስረጃ አልተመዘነም» ይሆናል፤ «ሙቀት ጨምሮ ነበር» ብሎ መድገም ብዙ አያስኬድም። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜም አጭር ነው፦ በሄግ ደንብ ለሚገዛ የባሕር ጭነት በዓይን ለማይታይ ጉዳት ማስታወቂያው በ3 ቀን፣ ክሱ በአንድ ዓመት፤ በሞንትሪያል ስምምነት ለሚሄድ የአየር ጭነት 14 ቀንና ሁለት ዓመት።

በሲም ካርድ የሚሠሩት ውድ ሎገሮች መረጃውን ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጡ «ተነካክቷል» ለማለት ያስቸግራሉ፤ ባሕር ላይ ግን ወደብ እስኪደርሱ ዝም ይላሉ። ለመድኃኒት ያዋጣሉ። ለአቮካዶ ከአንዱ ውድ ሦስቱ ርካሽ ይሻላሉ፤ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት በየመለያ ቁጥሩ የማይሰጥ ሻጭ ከሆነ ግን ይለፉት።