ሽቦ ያለው ወይስ ሽቦ አልባው? የስታቲክ ማሰሪያ ለምትገዙ

«ያ እጅ ላይ የሚታሰረው ነገር የትኛው ይሻላል?» በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ስታቲክ፣ ማለትም ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ቻርጅ፣ ቺፕ እንዳይጎዳ የሚታሰረውን ማለታቸው ነው። ሦስቱ ስልክና ላፕቶፕ መጠገን ሊጀምሩ ነው። አንዱ የራሱን ኮምፒውተር ራም ሊጨምር ነው። ለእያንዳንዱ የድምፅ መልእክት ስቀዳ ከምውል አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ሽቦ ያለውን ግዙ። ርካሹን። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩት።

እኔ ይህን ያወቅሁት 900 ብር ከስሬ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሽቦ ያለው 400፣ ሽቦ አልባው 900 ብር። ሻጩ «ይኼ አዲሱ ነው፣ እንደ ብሉቱዝ በለው» አለኝ። እኔም ውድ ከሆነማ ይሻላል ብዬ ወሰድኩት። ሲያምር! የሚጎተት ገመድ የለ፣ የሚጠላለፍ ነገር የለ። በሳምንቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ሹራብ ለብሼ የደንበኛ ላፕቶፕ ራም ስቀይር ጣቴ ላይ ጧ አለ። ላፕቶፑ አልነሳ አለ። አዲሱ ራም ሌላ ማሽን ላይም አልሠራም። 2,800 ብር ከኪሴ ወጣ። ራሙን የገደለው ስታቲክ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ከሱቅ ተበላሽቶ መጥቶም ሊሆን ይችላል። ግን ጣቴን ሲነዝረኝ ያ 900 ብር እጄ ላይ ታስሮ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ቻርጅ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ ሽቦው ነው። ሽቦ አልባው ላይ ያለችው ብሎን ደግሞ የትም አትደርስም። አሁን የእህቴ ልጅ ሰዓት ነው ብላ ታስረዋለች፤ ለእሷ በደንብ ይሠራል።

«እኔ ነዝሮኝ አያውቅም» የሚል ሰውም አለ። እኛ ጧ ሲል የሚሰማን ቻርጁ 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚጎዳ ቺፕ ግን አለ። ደግሞ ሁሌ ወዲያው አይሞትም። ተጎድቶ ይሠራል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፣ ከወር በኋላ «አንተ ጋ ተሠርቶ ነበር» ብሎ ይመለሳል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ብርድ ልብሱም ሹራቡም ማታ ማታ ይንጣጣል። ክረምት ላይ እርጥበቱ ትንሽ ያግዛል።

ሽቦ ያለው ሁሉ ታዲያ አንድ አይደለም። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። በደህናው ማሰሪያ ውስጥ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገድብ ዕቃ) አለ። ሥራው የእናንተን ነፍስ መጠበቅ ነው። እጃችሁ ከኧርዝ (መሬት ውስጥ ከሚገባው ሽቦ) ጋር ታስሮ ሳለ በስህተት 220 ቮልት ብትነኩ፣ በማሰሪያው በኩል የሚያልፈው 0.22 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ይሆናል። ሬዚስተሩ ከሌለስ? በባዶ ሽቦ ከመሬት ጋር ታስሮ ኮረንቲ መጨበጥ ነው።

ኮፒዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሬዚስተር የለውም። ሌላው ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልተገናኘም። ከውጭ ሲያዩአቸው ከደህናው አይለዩም። እኔ ሦስት ገዝቼ አንዱ ብቻ ደህና ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ያቺን ቢጫ ዲቲ 830 መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ኦም ላይ 2000 ኪሎ የሚለው ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ ቆዳ የሚነካው ብረት ላይ፣ ሌላውን የሽቦው መቆንጠጫ ላይ። 1000 አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፤ 1000 ኪሎኦም ማለት 1 ሜጋኦም ነው። 0 ካለ ሬዚስተር የለውም፤ መልሱት። በግራ በኩል ብቻዋን «1» ካለች ተበጥሷል ማለት ነው።

ይቺን «1» ልብ በሉ። አንድ ሻጭ «ይኸው፣ አንድ ሜጋ» ብሎ በኩራት አሳይቶኛል። አንድ ሜጋ አልነበረም። እዚህ ሜትር ላይ ብቻዋን የቆመች 1 «ከልኬ በላይ ነው» ማለት ናት፤ ጫፎቹን አየር ላይ ብትይዟቸውም ያው 1 ትላለች። እሱም የምሩን ያመነበት ይመስለኛል። ስንቱ እንደዚያ አይቶ እንደገዛ እንጃ። ሜትሯ ከ600 ብር አትበልጥም ነበር ስገዛት፤ ብዙ እጥፍ መልሳልኛለች። ቤት ከገባም በኋላ በየሳምንቱ ለኩት፤ ጥምዝምዙ ሽቦ ከመጋጠሚያው ላይ መበጠስ ይወዳል። ስታስሩትም ጠበቅ ይበል። ብረቱ እጅጌ ላይ ካረፈ አለመልበስ ነው።

ምንጣፉስ? እያንዳንዱ ስልክ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰማያዊ ሲሊኮን፣ እኔ በ650 ብር የገዛሁት፣ ለሙቀት ጥሩ ነው። ብሎኖቹን የሚያስቀምጡበት ጉድጓዶችም አሉት። አብዛኛው ግን ለስታቲክ አይረዳም፤ ማሸጊያው ላይ ምንም ይጻፍበት። እውነተኛው ሁለት ድርብ ነው፦ ከላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ከታች ጥቁር፣ ጥግ ላይ ሽቦ የሚገጠምበት ቁልፍ ያለው። ጥቁሩን ጎን ለኩት፤ የሆነ ቁጥር መስጠት አለበት። «1» ካለ ተራ ጎማ ነው። የላይኛውን በዚህ ሜትር አትፍረዱበት፤ ደህናውም ቢሆን ከልኳ ያልፋል። እኔ 4,500 ብር ነው ያወጣሁበት። በየቀኑ ለምትሠሩ ያዋጣል። ራም ለምትጨምረው ወንድሜ ግን በፍጹም፣ በብሩ ሌላ ራም ግዛበት።

ጓንት ይቅር። እጅ ያልባል፣ ቻርጁን የትም አይወስድም።

መቆንጠጫው የት ይታሰራል? ኧርዝ ላይ። እዚህ ነው ግን ብዙ ቤት ችግር ያለው። ሶኬቱ የኧርዝ ብረት አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ዴስክቶፕ ኬዝ ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ኧርዝ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። የውኃ ቧንቧም አትመኑ፤ አሁን ፕላስቲክ ነው። ኧርዝን ከኒውትራል (ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ) ላገናኝልህ የሚል ኤሌክትሪሺያን ካጋጠማችሁ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት። ኧርዝ ከሌለ እኔ የማደርገው፦ ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ መቆንጠጫውን ቀለም ያልተቀባ የኬዙ ብረት ላይ አስራለሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ነቅዬ የቦርዱ ብሎን የሚያርፍበት ብርማ ቀለበት ላይ። እኔና ቦርዱ እኩል ቮልቴጅ ላይ ከሆንን በመካከላችን የሚዘል ነገር የለም። ዋጋው ዜሮ ብር።

በዜሮ ብር ከሚገኘው ደግሞ ራምና ሃርድ ዲስክ የሚመጡበትን ብርማ ከረጢት አትጣሉ። ሮዝ ከረጢት ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከላከልም። ብርማው ነው የሚከላከለው፣ እሱም ካልተቀደደና አፉ ከታጠፈ። ዕቃው ይግባበት እንጂ በላዩ አታስቀምጡት። እኔ አንድ ካርቶን ሙሉ አከማችቻለሁ፤ ሰፈር ያላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ።